ጉናር ሴቬ-ሶደርበርግና ባለ አራት እግሩ ዓሣ

በክረምት በኮልፌ ቀራንዮ ወንዞች ዳር የሚንጫጩትን እንቁራሪቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሲፈለፈሉ በውኃ፣ ካደጉ በኋላ በየብስም ይኖራሉ። ታዲያ ባለ አከርካሪ እንስሳት መጀመሪያ እግር ያወጡት መቼና እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ በረዶ አገር የዘመተ አንድ ወጣት ነበረ። የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉናር ሴቬ-ሶደርበርግ በ1910 በስዊድን አገር፣ ፋሉን በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1931፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ዴንማርካዊው ላውገ ኮክ ከሚመራው የምርምር ጓድ ጋር ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ተጓዘ። ሥራው ኢመር በተባለች ደሴት ላይ ነበር። ስሟ የወሎ ሰው ስም ይምሰል እንጂ በረዶ የከበባት ደሴት ናት። እዚያ ከሴልሲየስ ተራራ ድንጋይ መሐል የራስ ቅል ቅሪተ አካሎችን ሰበሰበ። በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ እንስሳውን ኢክቲዮስቴጋ ብሎ ሰየመው።

ይህ እንስሳ ከ360 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ጅራቱ እንደ ዓሣ ክንፍ ነበረው፤ ግን አራት እግርና ጠንካራ የጎድን አጥንት ነበሩት። ጋዜጦችም ባለ አራት እግር ዓሣ አሉት።

ጉናር በ1937 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ምን ያደርጋል፣ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ሥራውን ሳይጨርስ በ1948 በ38 ዓመቱ ሞተ።

የጀመረውን ባልደረባው ኤሪክ ያርቪክ ተረከበ። ያርቪክ በ1952 የጅራቱንና የኋላ እግሩን ነገር ገለጸ፤ የመጨረሻውን ትልቅ ጥናት ያሳተመው ግን በ1996 ነው። በእሱ ሥዕል ላይ እንስሳው በእያንዳንዱ እግሩ አምስት ጣት ነበረው፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ ተቀበሉ።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። እንግሊዛዊቷ ጄኒ ክላክ በ1987 ወደ ግሪንላንድ ሄዳ አዲስ ቅሪተ አካል አመጣች። በ1990 ከማይክል ኮትስ ጋር ሆና የኢክቲዮስቴጋ የኋላ እግር ጣቶች ሰባት መሆናቸውን አሳየች። የዘመኑ እንስሳ አካንቶስቴጋ ደግሞ በፊት እግሩ ስምንት ጣት ነበረው፤ በስንጥብም ይተነፍስ ነበር። ስለዚህ እግር የበቀለው በየብስ ለመራመድ ሳይሆን ገና በውኃ ውስጥ እያሉ ነው ወደሚለው ሐሳብ ብዙ ሊቃውንት አዘነበሉ። በ2012 የወጣ የኮምፒዩተር ጥናትም ኢክቲዮስቴጋ በኋላ እግሮቹ ቆሞ መራመድ እንደማይችል አመለከተ።

ዕጩ መምህራን ሆይ! እዚህ ኮልፌ ከእግራችን ሥር ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቅሪት አይገኝበትም። ማስተማሪያው ግን ከእጃችን አልራቀም። ተማሪው ክንዱን ይዳስስ፤ ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት፣ ከክርን እስከ አንጓ ሁለት ያገኛል። የእንቁራሪትም፣ የዶሮም፣ የኢክቲዮስቴጋም አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው። ጣቱን ሲቆጥር ግን አምስት የመጣው ኋላ መሆኑን እንንገረው፤ ከዚያም በመጽሐፍ ላይ የነበረው ሥዕል በምን ማስረጃ እንደታረመ እናስረዳው።