ማርጊት ኖርዲን፦ አሥር ሰዓት በበረዶ ላይ

በዚህ እትም ታሪኳን የምናነሳላችሁ ሴት ስዊድናዊት ናት፤ ስሟ ማርጊት ኖርዲን ይባላል። በአገሯ ሰው ዘንድ የምትታወቀው ባንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ያም ሥራ 10 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ወስዶባታል። እኛ ከደረሰኝና ከመዝገብ ጋር የምንውል ሰዎች ስለሆንን ይሆናል፣ መጀመሪያ ዓይናችንን የያዘው ይኸው ቁጥር ነው። ሰከንዱ ሳይቀር ተጽፏል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጊት የተወለደችው በ1897 ነው። ሙያዋ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪነት ሲሆን፣ ስሟ ከመካከለኛው ስዊድን የብረት ማዕድን ከተማ ከግሬንግስቤሪ ጋር ይነሳል። የስዊድን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ የሰጡት በ1921 ስለነበር፣ እሷ ጎልማሳ ስትሆን አገሪቱ ስለ ሴት ቦታ ገና እየተነጋገረች ነበር።

ስሟን ያስጠራው ውድድር ቫሳሎፔት ይባላል። ስኪ የሚባለው ነገር ለማናውቀው፣ በእግር ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላ ታስሮ፣ በእጅ ሁለት ዘንግ ተይዞ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መሄድ ነው። ቁልቁለቱ መልካም ነው፤ ሜዳውና ዳገቱ ግን ክንድንም ጉልበትንም ይጠይቃል። የቫሳሎፔት መንገድ ከሴለን መንደር ተነሥቶ ሞራ ከተማ እስኪደርስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ማራቶን ተሮጦ ገና ይተርፋል። ሐሳቡን ያመጣው አንደርስ ፔርስ የሚባል የጋዜጣ ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር በ1922 ተካሄደ። መታሰቢያነቱ ለጉስታቭ ቫሳ ነው። እሱም ከዴንማርኩ ንጉሥ ሰዎች ሸሽቶ ሞራ ሲደርስ ሕዝቡ መጀመሪያ አልተቀበለውም፤ ኋላ ግን ተጸጽተው ስኪ የሚችሉ ሰዎች ልከው ከመንገድ መለሱት። በ1523 ነገሠ።

በዚህ ውድድር ለሴት የተሰጠ አንድ የክብር ቦታ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነበር። አንዲት ወጣት ተመርጣ፣ የአገሩን የባህል ልብስ ለብሳ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ አሸናፊው ሲገባ የድል ጉንጉን አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። ቦታዋ እዚያ ነበር።

ማርጊት በ1923፣ በሁለተኛው ውድድር፣ ከመነሻው ተሰለፈች። ዕድሜዋ 25 ነበር። የዚያ ዘመን ስኪ ከእንጨት የተሠራ ከባድ ነገር ሲሆን፣ መንገዱም በአብዛኛው ጫካ ነው። ኤቨርትስቤሪ የምትባለው መንደር ስትደረስ ገና ግማሹ ነው። እዚያ ስትደርስ ምን እንዳሰበች እኛ ልንነግራችሁ አንችልም፤ መቀጠሏን ግን ሰዓቱ ይናገራል። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ኦስካር ሊንድቤሪ ከእሷ ሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድሞ ገብቶ ነበር። እሷ ግን ሞራ ደረሰች፤ ቫሳሎፔትን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እንግዲህ አስቡት። የወደቀች፣ የታመመች ወይም ተሸክመው ያመጧት ብትሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነገር ምክንያት አለው ባልን። የሆነው ግን በ1924 ሴቶች በውድድሩ እንዳይሳተፉ መከልከሉ ነው። በዚያ ዘመን ረጅም ርቀት የሴትን ጤና ይጎዳል የሚል እምነት ነበር። እኛ እንደሚመስለን ግን ሌላም ነገር አለበት፤ አንዲት አስተማሪ በእግሯ ሄዳ የጨረሰችውን መንገድ የጀግና መንገድ ነው እያሉ መቀጠል ለአንዳንዱ ሳይከብደው አልቀረም።

ለአንቺው ብለን ነው የሚለውን ነገር እኛም እናውቀዋለን። ከመካከላችን አንዷ፣ በፊት በነበረችበት መሥሪያ ቤት፣ ክፍለ አገር ለዕቃ ቆጠራ ከሚወጡት ዝርዝር ስሟ ሳትጠየቅ ተሰርዞ ነበር። መንገዱ ያደክማታል ተብሎ ነው። አበሉም አብሮ ቀረ።

እገዳው የቆየው እስከ 1980 ነው። በመካከሉ ዓለም አላረፈም። ከ1952 ጀምሮ ሴቶች በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳደሩ፤ በ1960 የስዊድን ሴቶች በዱላ ቅብብል ወርቅ አመጡ፤ በ1968 ቶይኒ ጉስታፍሶን በ5 እና በ10 ኪሎ ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደች። የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ሴት ሞራ የሚያደርሰውን መንገድ በስሟ መመዝገብ አትችልም ነበር ማለት ነው። በ1970ዎቹ አንዳንድ ሴቶች በወንድ ስም ተሰውረው ሄደውበታል። ይህን ስናነብ ሳቅንም፣ ተናደድንም።

በ1981 በሩ ተከፈተ። ማርጊት በሕይወት ነበረች፤ ዕድሜዋም ከሰማንያ አልፎ ነበር። በዓመቱ፣ በ1982፣ ዐረፈች። ከዚያ ወዲያ በ1988 ለሴቶች ብቻ የሆነ 30 ኪሎ ሜትር ውድድር ተጀመረ፤ በዋናው ውድድር ደግሞ የሴቶች ምድብ ራሱን ችሎ አሸናፊ የተሰየመለት በ1997 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሶፊያ ሊንድ ናት። ዛሬ ቀድማ ለምትገባው ሴት፣ መጨረሻው መስመር ላይ የድል ጉንጉን ይዞ ቆሞ የሚጠብቃት ወንድ ነው።