የአብራሪ ደመወዝና ዴቪድ ቤንኪ

የአየር መንገድ አብራሪ የሚያገኘው ደመወዝ ከተሸከመው ኃላፊነት ጋር ይመዛዘናል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ክርክሩን ከስሜት አውጥተው ወደ ስሌት ካመጡት ሰዎች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1897 በዊስኮንሲን ገጠር የተወለደው አሜሪካዊው ዴቪድ ቤንኪ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤንኪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየሜዳው የአየር ትርኢት እያሳየ ኖረ። በ1926 ከኖርዝዌስት ኩባንያ የመጀመሪያ አብራሪዎች አንዱ ሆነ፤ ቆይቶም ለቦይንግ አየር ማመላለሻ ፖስታ አመላለሰ። ያን ጊዜ በደመና ውስጥ የሚመራ መሣሪያ እምብዛም ስላልነበረ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ በሥራ ላይ ሞቱ።

በ1931 ቺካጎ ላይ የአየር መንገድ አብራሪዎችን ማኅበር መሠረተ። አባላቱ ከሥራ እንዳይባረሩ ስለሚፈሩ ምክክሩ በምስጢር የተካሄደ ነበር። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በ1932 የሴንቸሪ አየር መንገድ ባለቤት ኮርድ ደመወዝ ሲቀንስ እምቢ ያሉት አብራሪዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ቤንኪ አቤቱታውን እስከ ኮንግረስ አደረሰ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1933 ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍያው በአመዛኙ በማይል ይታሰብ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግን በሰዓት ይሁን አሉ። ነገሩ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። የቀድሞው ፎርድ በሰዓት ከ100 ማይል እምብዛም አይበልጥም፤ አዲሱ ቦይንግ 247 ግን ከ150 ማይል በላይ ይጓዛል። በሰዓት የሚከፈለው አብራሪ የተሻለው መሣሪያ ከሚያስገኘው ትርፍ አንዳች ሳይደርሰው ይቀራል ማለት ነው። ቤንኪ ሥራ የማቆም ዛቻ አሰማ፤ ጉዳዩም ወደ ብሔራዊው የሠራተኛ ቦርድ ቀረበ። ቦርዱ በ1934 በሰጠው 83ኛ ውሳኔ የበረራውን ጊዜ በወር ከ85 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰነ፤ ደመወዙም ከመነሻ ክፍያ፣ ከሰዓትና ከማይል ተደምሮ እንዲሰላ አደረገ። ይህ በ1938 በወጣው የሲቪል አቪዬሽን ሕግ ውስጥ ገባ።

አውሮፕላኑ እየከበደ ሲሄድ ጥያቄው እንደ አዲስ ተነሣ። በ1946 የቲ.ደብልዩ.ኤ. አብራሪዎች በኮንስቴሌሽንና በዲሲ-4 ክፍያ ምክንያት ሥራ አቆሙ። ክብደትና ፍጥነት በክፍያ ስሌት ውስጥ የያዙት ቦታ የቤንኪ ዘመን ክርክር ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይፈቀድልኝ። ኃላፊነት በሚዛን ስለማይወጣ የአውሮፕላኑ ክብደት ምትኩ ሆነ፤ እኛም የንድፍ ክፍያችንን በግንባታው ወጪ መቶኛ ስናሰላ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ዘዴው ለድርድር ይመቻል፤ ፍትሐዊነቱ ግን ጎደሎ ነው። ትንሹ አውሮፕላን የሚበርረው በዚያው ሰማይና በዚያው ውርጭ ውስጥ ነው። በ2009 በቡፋሎ አጠገብ 50 ሰዎች በሞቱበት አደጋ ምርመራ የረዳት አብራሪዋ ደመወዝ ማነስ በይፋ ሲነሣ ይኸው ጉድለት ታየ። እንደ እኔ አስተያየት፣ መነሻ ክፍያው በአውሮፕላኑ መጠን መለያየት አልነበረበትም።

ቤንኪ ማኅበሩን ሃያ ዓመት መራ። ይሁንና ሥራውን ሁሉ በእጁ ይዞ ለሌላ የማያካፍል ሰው ስለ ነበር አባላቱ በ1951 ከሊቀ መንበርነት አወረዱት። እርሱም አልቀበልም ብሎ በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። በ1953 አረፈ።