አውግስት ዲልማንና የግእዙ ሄኖክ ምስክርነት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ ምዕተ ዓመታት የአይሁድ ሃይማኖት ምን መልክ እንደ ነበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም ከእርሱ ምን እንደ ወረሱ ለማጥናት የሚነሣ ሁሉ መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌን መመርመሩ አይቀርም። ሁለቱም ሙሉ አካላቸውን ጠብቀው የደረሱን በግእዝ ብቻ ነው። ይህም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ በትርጉም የተላለፈና ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተገለበጠ ጽሑፍ ስለዚያ ዘመን የሚሰጠው ምስክርነት እስከ ምን ድረስ ይታመናል? ይህ ጥያቄ በሥርዓት እንዲመለስ መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው ሊቅ አውግስት ዲልማን ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱንና ሥራውን በዚሁ ጥያቄ በኩል ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲልማን በ1823 በቩርተምበርግ ግዛት፣ ኢሊንገን በተባለች ስፍራ ተወለደ። በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በታወቀው የብሉይ ኪዳን ሊቅ በሃይንሪኽ ኤቫልድ ሥር ተማረ። ከ1846 እስከ 1848 በፓሪስ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የግእዝ የብራና መጻሕፍትን መረመረ፤ የብሪታንያ ሙዚየምንና የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍትን የግእዝ ስብስቦች ዝርዝርም አዘጋጅቶ አሳተመ።

መጽሐፈ ሄኖክ በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ ተመልሷል፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን፣ በ1838 ደግሞ የግእዙን ንባብ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የሎረንስ ሥራ በአንድ ቅጂ ላይ የቆመ ነበር። ዲልማን በ1851 አምስት ቅጂዎችን አመሳክሮ የግእዙን ንባብ አሳተመ፤ በ1853 የጀርመንኛ ትርጉሙን ከነማብራሪያው አስከተለ። መጽሐፈ ኩፋሌንም አስቀድሞ በቱቢንገን ከነበረው አንድ ቅጂ ተርጉሞት ነበር፤ ሁለተኛ ቅጂ ሲያገኝ ሁለቱን አመሳክሮ በ1859 የግእዙን ንባብ አወጣ።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን የሄደው ሥራ የቋንቋው ጥናት ነው። የግእዝ ሰዋስው መጽሐፉ በ1857፣ በላቲን የተጻፈው ታላቁ መዝገበ ቃላቱ በ1865 ታተሙ። ከሁለት ምዕተ ዓመታት በፊት ሂዮብ ሉዶልፍ የጀመረውን መንገድ ያሰፋው ዲልማን፣ የአንድ ቃል ፍች በቅጂዎች ውስጥ ካለው አገባቡ ሁሉ ተለቅሞ ካልተረጋገጠ በቀር በዚያ ቃል ላይ የሃይማኖት ታሪክ መገንባት እንደማይቻል በሥራው አሳየ። በኪልና በጊሰን ዩኒቨርሲቲዎች ካስተማረ በኋላ በ1869 ወደ በርሊን ተዛውሮ በ1894 እስኪሞት ድረስ በዚያ አገልግሏል።

የንባብ ጥንቃቄው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከምዕራፍ 37 እስከ 71 የሚዘልቀው የምሳሌ ክፍል በግልጽ ያሳያል። በዚህ ክፍል የሰው ልጅ የተባለ ሰማያዊ ፈራጅ ይገለጣል። ክፍሉ ከክርስትና በፊት በአይሁድ እጅ ከተጻፈ፣ ወንጌላት ለኢየሱስ የሚሰጡት ስያሜ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ይረዳል፤ በክርስቲያን እጅ ከተጻፈ ግን ማስረጃነቱ ይወድቃል። ዲልማን መጽሐፉ የአይሁድ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሆኖም ባሳተመው ንባብ በምዕራፍ 62 ቁጥር 5 ላይ ወልደ ብእሲት የሚል ይገኛል፤ ይህም የሴት ልጅ ማለት በመሆኑ ክርስቲያናዊ እጅ እንደ ገባበት ሊያስጠረጥር የሚችል ነበር። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ብሪታንያ ሙዚየም ከገቡት መጻሕፍት መካከል ዕድሜው የቀደመ የሄኖክ ቅጂ ተገኘ፤ በዚያ ላይ የሰፈረው ወልደ ብእሲ ነው። በአንዲት ፊደል የተነሣ የክርክሩ ሚዛን ተለወጠ። አር. ኤች. ቻርልስ በ1893 ባወጣው ትርጉም ይህን ቅጂ መሠረት አድርጎ የዲልማንን ንባብ ተቸ።

ዲልማን ራሱም ሥራው ሲፈተን ለማየት በቅቷል። በግብፅ አኽሚም ከአንድ መቃብር የወጣው የግሪክኛ ሄኖክ የመጀመሪያ ክፍል በ1892 ሲታተም፣ የ69 ዓመቱ ሊቅ ከግእዙ ጋር አስተያይቶ ውጤቱን በፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ የጥናት መድበል አወጣ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ አራማይክና የኩፋሌ ዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ተገኙ። በተለይ የኩፋሌው ንጽጽር የግእዙ ትርጉም በአመዛኙ ታማኝ መሆኑን አረጋገጠ። ከምሳሌው ክፍል ግን በቁምራን አንድም ቁርጥራጭ አልተገኘም፤ ስለዚህ ስለ ሰው ልጅ የሚደረገው ጥናት ዛሬም በግእዙ ላይ የተመሠረተ ነው።

የዲልማን አካሄድ ወሰንም ነበረው። ሉዶልፍ ግእዝን ያጠናው ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲሆን፣ የዲልማን መምህራን በአውሮፓ የተከማቹት ብራናዎች ነበሩ። በ1884 ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቢጽፍም፣ በሄኖክ ላይ በሠራው ማብራሪያ የግእዙ ንባብ በዋነኛነት የጠፋውን ጥንታዊ መጽሐፍ መፈለጊያ ሆኖ ቀርቧል። መጽሐፉን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተቀብላ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንዳነበበችው የሚለው ጥያቄ ወደ ዳር ቀርቷል። አንድ ገልባጭ ብእሲን ብእሲት ብሎ የጻፈበት ምክንያት ግን የሚገኘው በዚሁ የንባብ ትውፊት ውስጥ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የንባብና የትርጓሜ ትውፊት ከንባብ ማመሳከር ጋር አብሮ ሲጠና ዲልማን የጀመረው ሥራ ይሟላል፤ ይህም ግእዝንና ትርጓሜውን በአንድነት መማር ለሚችል የዛሬ ተመራማሪ የቀረበ ዕድል ነው።