ወጣትነታቸውን ለአገር የሰጡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ



የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ አንድ የአገራችን ታላቅ ሰው ጥቂት እንድንጽፍ ሲያዙን፣ ወዳጆቻችን ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ የጦር ጀግና የምንጽፍ መስሏቸው ነበር። እኛ ግን የመረጥነው አንድ የጉምሩክ ሹም ነው። በኬላ ዳር ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ነጋዴ የጉምሩክ ሹም ማመስገኑ ለሰሚው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የአገር መሪና የአገር ወጣት ሲተባበሩ አገር ምን እንደምታገኝ፣ ሲለያዩም ምን እንደሚቀርባት ለማየት ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ አላገኘንም።

ልጅነትና የባሕር ጉዞ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አቅራቢያ ነው። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ሲወድቁ የገብረ ሕይወት አባትም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ልጁ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ዘመኑ ደግሞ አባቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚጠሩት፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ በረሃብ የረገፈበት ዘመን ነበር።

ጥቂት ከፍ እንዳሉ ወደ ኤርትራ ተሻግረው በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ፣ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዕለታት አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር የምጽዋን ወደብ ሊያዩ ሄደው በአንድ የአውሮፓ መርከብ ውስጥ ተደብቀው ቀሩ። መርከቡም ይዟቸው ባሕሩን ተሻገረ። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ ሰጣቸው፤ ያም ቤተሰብ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋቸው። ጀርመንኛ ቋንቋ ጠንቅቀው አወቁ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ።

እንግዲህ አስቡት። አባቱን በጦርነት ያጣ፣ ረሃብን ያየ፣ በባዕድ አገር የሞቀ ቤትና ትምህርት ያገኘ ልጅ ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚያስገድደው ምን ነበር? ማንም አልጠራቸውም፤ የሚጠብቃቸው ርስትም ሆነ ሹመት አልነበረም። እርሳቸው ግን ተመለሱ።

የንጉሡ በር ሲከፈት

ሲመለሱ ያገኟቸው መሪ ዐፄ ምኒልክ ነበሩ። የዓድዋን ድል በ1888 ዓ.ም. ካገኙ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ነጻነትን በጦር ብቻ ጠብቆ መኖር እንደማይቻል ተረድተው አዲስ ነገር ሁሉ ይፈልጉ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሷል፤ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾመዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም በ1901 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እኛ በዳሩ የምንኖርበት የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን እንኳ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው በዚያው በ1900 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ ለመሥራት ግን የፈረንጁን ቋንቋና አሠራር የሚያውቅ ያገር ልጅ ያስፈልግ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ገና 20 ዓመት ያለፋቸውን ወጣት አስጠግተው ጸሐፊያቸውና አስተርጓሚያቸው አደረጓቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደ አውሮፓ ከተላከው የኢትዮጵያ ልዑክ ጋር በአስተርጓሚነት ሄዱ። በዚያ ዘመን ልማድ የወታደር ልጅ፣ ያውም የሙት ልጅ፣ በንጉሥ ፊት ቆሞ የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ትልቁ መሪ የወጣቱን ዕውቀት ስለፈለጉ በሩ ተከፈተ።

ስደትና ብዕር

በሩ ግን ብዙ አልቆየም። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ከሥራ ሲርቁ በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ነገሠ። የውጭ አገር ዕውቀት ያለው ሰው በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ገብረ ሕይወትም አገራቸውን ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ወይ ይቀየማል፣ ወይ ዝም ይላል። ገብረ ሕይወት ግን ብዕራቸውን አነሡ። ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. በአሥመራ ታተመ። ደራሲው ያን ጊዜ ገና 26 ዓመታቸው ነበር። ጽሑፉ የነገሥታቱን ታሪክ በሙገሳ ብቻ አያልፍም፤ ያመሰግናልም፣ ይወቅሳልም። ከዚያም ለአገሪቱ የሚያስፈልገውን ማሻሻያ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ ይላል። ግብሩ የታወቀ ይሁን፣ በገንዘብም ይከፈል፤ ሹሙ ከባላገሩ ላይ ከሚበላ ደመወዝ ይቁረጡለት፤ ሕግ በጽሑፍ ይውጣ፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ገንዘብ ይገበያይ፤ ጉምሩኩ አንድ ደንብ ይኑረው፤ ወታደሩ ይሠልጥን፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ ይላል።

በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጅ ነበሩ። ገብረ ሕይወትም አዲሱ ወጣት መሪ የጃፓንን መንገድ እንዲከተሉ ተመኙ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ እ.ኤ.አ. በ1867 ሲነግሡ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሆኖም በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ወጣቶች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ እየሄዱ ተምረው ስለ ተመለሱ፣ ጃፓን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከኃያላን ተርታ ገባች። ነጋድራስ ለኢትዮጵያ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

በጉምሩክ ወንበር ላይ

እኛን ይበልጥ የሚማርከን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ነገሩ ሲረጋጋ ወደ አገራቸው ተመለሱና የተሰጣቸውን ሥራ ያዙ። በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤትና በአዲስ አበባ ጉምሩክ አገለገሉ፤ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ፣ የንግድና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ በባቡሩ ምክንያት የአገሪቱ ዋነኛ የንግድ በር ነበረች። ቡናውና ቆዳው በዚያ ይወጣል፤ ጨርቁና ብረታ ብረቱ በዚያ ይገባል።

እዚያ ቁጭ ብለው ያዩትን ነው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ያብራሩት። የመጽሐፉን ሐሳብ እኛ በሱቅ ቋንቋ ብናስረዳ እንዲህ ነው። የሕዝብ ሀብት በካዝና የተቀመጠ ብር አይደለም፤ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው። ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብና ዕውቀት ያለው ሕዝብ ሲገበያዩ ሚዛኑ እኩል አይሆንም። አላዋቂው የብዙ ቀን ድካሙን ጥሬ ዕቃ አድርጎ ይሰጣል፤ አዋቂው የጥቂት ሰዓት ሥራውን በመኪና ሠርቶ ይቀበለዋል። ገበያው በሰላም ቢካሄድም አንዱ እየከበረ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ውሎ አድሮ ነጻነቱንም ያጣል ብለው አስጠነቀቁ።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ሞያሌ ገበያ መቆም ይበቃል። በሬውና ግመሉ ከነቆዳው በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ጫማው፣ ሳሙናውና ስልኩ ተሠርቶ ይመጣል። የቆዳውን ዋጋና የጫማውን ዋጋ ያስተያየ ሁሉ ነጋድራስ ከ100 ዓመት በፊት ያሉትን ያውቃል።

በየመንገዱ ስለሚጣለው የኬላ ቀረጥም ጽፈዋል። በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ሲያሻግር በየኬላው ይከፍል ነበር። እርሳቸው የቀረጥ ሹም ሆነው ሳለ ይህ አሠራር ንግድን እንደሚያንቅ፣ ንግድ ሲታነቅም መንግሥት ራሱ እንደሚጎዳ አስረዱ። በእንጀራ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስለዚያው ወንበር ጉድለት መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነው። በዛሬዋ ሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሲመረቅ፣ ነጋዴው በሁለት ቦታ የሚያደርገውን ሥርዓት በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ታስቦ ነው። ሐሳቡ ነጋድራስ ከጻፉት ብዙም የራቀ አይደለም።

የዘገየ ምክር ዋጋ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ትልቁን መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም። መጽሐፉ ለሕዝብ የበቃው ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ነው።

ከመከሩት ውስጥ አንዳንዱ ተፈጸመ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ወጡ። ነገር ግን ምክሩ ከተሰጠበት ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ 19 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ 5 ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መጣች። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላም ፋሺስቶች እየለቀሙ ከገደሏቸው መካከል የተማሩት ወጣቶች ይገኙበታል። ጠላት እንኳ የአገር ተስፋ በማን ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የምንኖርባት ኬንያም ተመሳሳይ ልጅ ነበራት። ቶም ምቦያ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወጣቶችን ወደ አሜሪካ ለትምህርት መላክ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1959 የመጀመሪያው አውሮፕላን 81 ተማሪዎችን ይዞ ተነሣ። ብዙዎቹም ተመልሰው ነጻይቱን ኬንያ በመምህርነት፣ በሐኪምነትና በመንግሥት ሥራ አገለገሉ። ምቦያ የኢኮኖሚ ፕላን ሚኒስትር ሳሉ በ1969 በ38 ዓመታቸው በጥይት ተገደሉ። የዘሩት ግን አልጠፋም።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

በአገራችን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚል ተረት አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ26 ዓመታቸው ያቦኩት ግን እስከ ዛሬ ድረስ የኢኮኖሚ ምሁራን የሚመገቡት ሆኗል። ሊጡን ለራት ሳያደርስ ያቆየው የአቡኪው ልጅነት ሳይሆን የምድጃው ባለቤቶች መዘግየት ነው።

ይህን የምንጽፈው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ከጎልቦ ሜዳ እስከ ላይኛው ሞያሌ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያየው፣ የአገራችን ወጣቶች በዚህ በኩል አልፈው በደላላ እየተመሩ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ፣ በቴቴ አውራጃ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩም ተነገረ። ከእነዚህ መካከል ነገ ሐኪም፣ መምህር ወይም ነጋድራስ የሚሆን እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ገብረ ሕይወትም በልጅነታቸው በመርከብ ተደብቀው የሄዱ ልጅ ነበሩ። እርሳቸውን ያዳናቸው በመንገዳቸው ላይ በር የከፈተላቸው ሰው መገኘቱ ነው።

የአገር መሪ መሆን ለሁላችንም አይደርሰንም። ነገር ግን እያንዳንዱ አባት በቤቱ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ በሱቁ፣ የማኅበራችንም ሽማግሌዎች በወንበራቸው መሪዎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ከሥራ አስፈጻሚው ወንበሮች ቢያንስ ሁለቱ ከ30 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችን ይሰጡ፤ ቡና እንዲያፈሉ ብቻ ሳይሆን ሒሳቡን እንዲመረምሩና ሐሳብ እንዲያቀርቡ። ሁለተኛ፣ የማኅበራችን አዳራሽ ማታ ማታ ባዶውን ከሚያድር፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የኮምፒዩተርና የቋንቋ ትምህርት ይሰጥበት። ጠመኔውንና የመብራቱን ወጪ እኛ የሱቅ ነጋዴዎች ተካፍለን እንችላለን።

እናንተም ልጆቻችን፣ ሹመት እስክታገኙ አትጠብቁ። ነጋድራስ በተሰደዱ ጊዜ ጻፉ፤ በተሾሙ ጊዜ ሠሩ። በሩ ሲከፈትላችሁ በእጃችሁ ዕውቀት ይዛችሁ ግቡ።

ለነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለአገራችንና ላስጠጋችን አገር ለኬንያ ሰላምን፣ ለማኅበራችንም ረጅም ዕድሜን እንመኛለን። ለወርቅ ኢዮቤልዩው ደግሞ ልጆቻችን ጸሐፊዎች፣ እኛ አንባቢዎች ያድርገን። መልካም በዓል!