ባዶ እጅም ይሰጣል
በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! ስለ ምጽዋት በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ገና ተማሪዎች ነን፤ ደመወዝ የለንም፤ ታዲያ ምን እንሰጣለን? ሲኖረን እንሰጣለን እያልንም ነገሩን ለነገ እናሳድረዋለን። የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት ግን ይህን ምክንያታችንን ያፈርሰዋል።

አባታችን በ1197 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በቡልጋ ምድር ተወለዱ። ቡልጋ ለእኛ ለገዋኔ ልጆች ባዕድ አይደለም፤ ከዚያ ደጋ የሚወርደው የከሰም ወንዝ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እኛ ይመጣል። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ሀብት ያላቸውና ለድሃ የሚራሩ ሰዎች ነበሩ። በልጅነታቸው ፍሥሐ ጽዮን ይባሉ የነበሩት አባታችን ዲቁና ተቀበሉ፤ አደንም ይወዱ ነበር። ገድላቸው እንደሚነግረን አንድ ቀን ለአደን በወጡበት ቅዱስ ሚካኤል ተገልጦ ለሐዋርያዊ አገልግሎት መጠራታቸውን ነገራቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። እርሳቸውም ሀብታቸውን ሁሉ ለድሆች አከፋፈሉ፤ የቤታቸውንም በር ክፍት ትተው ወጡ። በሩን የሚቆልፍ ሰው ልመለስ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ እርሳቸው ግን ቁልፍ አላስፈለጋቸውም።

ብዙዎቻችን ልግስናቸው እዚህ ላይ የሚያልቅ ይመስለናል። ዳሩ ግን የሚበልጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወንጌልን ከሰበኩ በኋላ ወደ ገዳም ገቡ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስም በአባ ኢየሱስ ሞአ ሥር ለዓመታት ኖሩ። በገዳም ረድእ ሆነው ውኃ ቀዱ፣ እንጨት ለቀሙ፣ እህል ፈጩ። በአባታቸው ቤት ሲገለገሉ ያደጉ የባለጸጋ ልጅ ሌላውን የሚያገለግሉ ሆኑ። ገንዘባቸው ባለቀ ጊዜ ጉልበታቸውን ሰጡ። ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ በመጨረሻም ወደ ሸዋ ተመልሰው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን የደብረ አስቦን ገዳም መሠረቱ። ዕረፍታቸውንም በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን እናከብራለን።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ሀብት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የወላጆቻቸው ሀብት ስንቱን ድሃ አብልቷል። ክፉው ነገር በሩን መቆለፉ ነው። ደግሞም ገንዘብ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ጉልበት ግን በየቀኑ የሚሰጥ ምጽዋት ነው።

ጥፋታችንን አንሸሽግ። በቅርቡ በዚህ በገዋኔ ሐሩር አንዲት አረጋዊት እናት ጀሪካናቸውን እንድንይዝላቸው ለምነውን ነበር። እኛ ግን የመዝሙር ጥናት ረፈደብን ብለን አለፍናቸው። የዘመርነውም ስለ ፍቅር ነበር! አፋሩ አርብቶ አደር ጎረቤታችን ለእንግዳ ወተት ሲያቀርብ እያየን፣ እኛ ውኃ መሸከም ከበደን።

ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆንን ለአረጋውያንና ለሕሙማን ጎረቤቶቻችን ውኃ እንቅዳ፤ ሃይማኖታቸውንም አንጠይቅ። አዋሽ ሲያጠጣን ማን መሆናችንን አይጠይቅምና።

የጻድቁ አባታችን በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።