ሀሩን ታዚየፍ፤ የእሳተ ገሞራን ትንፋሽ ሲያሳድድ የኖረ ሰው

እዚሁ ወሎ ሰፈር ካሉት ሱቆች ባንዱ ጎራ በሉና አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ግዙ። ቆርኪውን ከመክፈታችሁ በፊት ናጥ ናጥ አድርጉት። የሚከተለውን ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ያበላሻል። ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው በውስጡ ተሟሙቶ የቆየው ጋዝ ነው። የዛሬው ባለታሪካችን ሀሩን ታዚየፍ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረበት ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እሳተ ገሞራን የሚያፈነዳው ጋዝ እስከሆነ ድረስ የቀዘቀዘውን ዐለት መቀጥቀጥ ብቻ አይበቃም፣ ጋዙን ከአፉ ላይ ሄዶ መያዝ ያስፈልጋል ይል ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዚየፍ በ1914 በዋርሶ ተወለደ። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለሞተ እናቱ ይዛው ወደ ቤልጅግ ሄደች። እዚያ መጀመሪያ እርሻ፣ ቀጥሎም ጂኦሎጂ ተማረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኮንጎ በጂኦሎጂስትነት ሲሠራ፣ በ1948 ኪቩ ሐይቅ አጠገብ አዲስ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አይቶ እንዲመለስ ተላከ። አየ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሥራ አላማረውም። በ1959 የወጣው የእሳተ ገሞራ ፊልሙ ስሙን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ አስጠራው። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቹ ፊልም ሠሪ እያሉ ቢንቁትም እሱ ደንታ አልነበረውም።

ወደ አገራችን የመጣው በ1967 ነው። ጣሊያናውያኑ ጆርጆ ማሪኔሊና ፍራንኮ ባርቤሪ፣ ፈረንሳዊው ዣክ ቫሬ ሌሎችም ሆነው በአፋር በረሃ ለተከታታይ ዓመታት ሠሩ። ቡድኑ አፋር ውቅያኖስ በመወለድ ላይ ያለበት ምድር መሆኑን በማስረጃ አቀረበ። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ በሆነው ኤርታሌ ላይም የሚንተከተከውን የቅልጥ ዐለት ሐይቅ ለዓለም አስተዋወቁ። እርግጥ አፋሮች ተራራውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሚጨስ ተራራ የሚል ትርጉም ያለውን ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የጂኦኬሚስትሪው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ጋዝ ከምድር ሲወጣ አየር ያገኘዋል። ሃይድሮጂኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ በኦክስጅን ይቃጠላሉ፣ የውሃው ተን ይቀዘቅዝና ጠብታ ይሆናል። ከርቀት የተቀዳ ናሙና እንግዲህ የከርሠ ምድሩን ነገር አይናገርም። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ቱቦ ከስንጥቁ ውስጥ ይከተታል፤ ጫፉ ላይ አየሩ አስቀድሞ የተመጠጠለት፣ ካውስቲክ ሶዳ የተጨመረበት የመስተዋት ጠርሙስ ይገጠማል። ሶዳው ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና የድኙን ጋዞች ይይዛቸዋል። ናይትሮጂን፣ ሃይድሮጂንና የመሳሰሉት በጠርሙሱ ባዶ ክፍል ተለይተው ይቀራሉ። በ1974 የታዚየፍ የሥራ ባልደረባ የነበረው ፍራንስዋ ለገርንና በኒውዚላንድ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ቬርነር ጊገንባህ በኤርታሌ ጋዝ ላይ ሠሩ። ሙቀቱ 1,130 ዲግሪ ገደማ ነበር። ውጤቱም ከመቶው 79 ያህሉ የውሃ ተን፣ 10 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 7 ያህሉ የድኝ ጋዞች፣ አንድ ተኩል ገደማ ሃይድሮጂን ሆነ። አየር ብዙ ያልበከለው ናሙና ስለነበረ በሙያው ጽሑፎች ውስጥ እስከ ዛሬ ማነጻጸሪያ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ጋዞች ስታስተምሩ የሩቅ አገር ምሳሌ ፍለጋ የምትደክሙበት ምክንያት የለም።

በ1976 ጓደሉፕ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት ላ ሱፍሪዬር የሚባለው ተራራ ማጨስና መፈንዳት ጀመረ። ታዚየፍ መርምሮ የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ አዲስ ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ አልመጣም፣ ሕዝቡ አይነሣ አለ። ሌሎቹ ባለሙያዎች በአመዱ ውስጥ ትኩስ የማግማ ብርጭቆ አለ ብለው ተቃወሙት። መንግሥትም ከ70,000 በላይ ሰው ከቤቱ አስነሣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታዚየፍ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ተራራው ጫፍ ላይ እንዳለ ፍንዳታ ደረሰባቸው፣ ድንጋይ ዘነበባቸው፣ ቆስለውም ቢሆን በሕይወት ወረዱ። በጥቅምት ከኃላፊነቱ ተነሣ። ማግማው ግን አልወጣም፤ የብርጭቆውም ነገር ስሕተት መሆኑ ኋላ ታወቀ።

ታዚየፍ ልክ ነበረ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በ1985 በኮሎምቢያ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ሲፈነዳ ሕዝቡ በጊዜ ባለመነሣቱ 23,000 ያህል ሰው በጭቃ ጎርፍ አልቋል። በተራራ ግርጌ ለተኛ ሰው ባለሙያው ከልክ በላይ እርግጠኛ ሲሆን ያስፈራል።

ይህ እርግጠኝነቱ አንድ ጊዜ ጥሎታል። በ1986 በካሜሩን ኒዮስ ሐይቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ከ1,700 በላይ ሰው ገደለ። ታዚየፍ ጋዙ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቀጥታ የወጣ ነው ብሎ ቆመ። ከሐይቁ ጥልቀት ናሙና የቀዱት ሰዎች ግን ጋዙ ለብዙ ዘመን በቀዝቃዛው የታች ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ ተከማችቶ እንደነበረና ሐይቁ ሲገለባበጥ እንደ ተናጠ ጠርሙስ እንደወጣ አሳዩ። አብዛኞቹ ባለሙያዎች የተቀበሉት ይህንን ነው። ከምንጩ ቅዱ ያለው ሰው ከምንጩ በተቀዳ ናሙና ተረታ፤ ምን ይደረግ።

ከ1984 እስከ 1986 በፈረንሳይ መንግሥት የተፈጥሮ አደጋ መከላከል ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። በ1998 በፓሪስ፣ በ83 ዓመቱ አረፈ።

በኅዳር 2025 ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። የድኙን ጋዝ ሳተላይቶች ከቀይ ባሕር ማዶ እስከ ህንድ ድረስ ተከታተሉት። አፍዴራ አካባቢ ግን የከብቱ ግጦሽ አመድ ለበሰ።