የሒሳብ መኪና ያስዘመረው መምህር

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ይባላል። የኮምፒዩተርን ጥበብ ያጠኑ ሊቃውንት ስሙን በክብር ያነሡታል፤ እኛ የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ገና አንድ ክፍል ሙሉ በሚይዝበት ዘመን መኪናው ዜማ እንዲያሰማ ያደረገው፥ እንደ መምህሮቻችን ጠመኔ ይዞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ሳለ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስትሬቺ በኖቬምበር 16 ቀን 1916 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር ነበረ፤ አጎቱ ሊተን ስትሬቺ የታወቀ ደራሲ ሲሆን፥ እናቱ ሬይ ስትሬቺም ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ጸሐፊ ነበረች። አባቱ ኦሊቨር በወጣትነቱ ፒያኖ ተምሮ ነበር፤ ኋላ ግን መተዳደሪያው የምስጢር ጽሕፈት መፍታት ሆነ። ዜማና የተሰወረ ምልክት በአንድ ቤት አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ልጁም ፒያኖውን ወረሰ፤ የምልክቱም ፍቅር አልቀረበትም።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ በትምህርቱ አንደኛ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። በ1935 በኬምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ ጀመረ፤ በሦስተኛው ዓመት መንፈሱ ታወከና ትምህርቱን ለጊዜው አቋረጠ። ተመልሶ ፊዚክስ ተማረ፤ የተመረቀውም በዝቅተኛ ማዕርግ ነው። በምርምር ለመቀጠል የነበረው ተስፋ በዚህ ተዘጋ። የጦርነቱን ዘመን በአንድ የስልክ ፋብሪካ ተቀጥሮ የራዲዮ አምፑል ሒሳብ ሲሠራ አሳለፈ፤ ከጦርነቱም በኋላ መምህር ሆነ። መጀመሪያ በካንተርበሪ ከተማ፥ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ በስመ ጥሩው በሃሮው ትምህርት ቤት አስተማረ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት አልፎ ነበርና፥ የሚያውቁት ሰዎች ይህ ልጅ ከዚህ አያልፍም ብለው ቢያስቡ የሚፈረድባቸው አይመስለንም።

በ1951 መጀመሪያ ላይ ግን በሎንዶን አጠገብ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የተሠራውን ፓይለት ኤስ የተባለ ኮምፒዩተር ለማየት ዕድል አገኘ። ወዲያው ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈለት፤ ዳሩ ግን የመኪናው ማስታወሻ ጠባብ ስለ ነበረ ሥራው አልሆነለትም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ፌራንቲ ማርክ አንድ የተባለ ሰፊ ማስታወሻ ያለው መኪና ወደ ማንቼስተር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀው አለን ቱሪንግ ሲሆን፥ ሁለቱ ከኪንግስ ኮሌጅ ጀምሮ ይተዋወቁ ነበርና ስትሬቺ መጽሐፉን እንዲልክለት ጠየቀው።

መጽሐፉ እንደ ልብ የሚነበብ አልነበረም። ያ መኪና ወደ 4,000 የሚጠጉ አምፑሎች ነበሩት፤ ትእዛዝ የሚቀበለው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ከተበሱ ቀዳዳዎች ነው። ትእዛዙ የሚጻፈው በ32 የቴሌፕሪንተር ምልክቶች ሲሆን ቁጥሩም ተገልብጦ ከትንሹ ቤት ወደ ትልቁ ይነበባል። ብዙ ሰው በዚህ ተማሮ መጽሐፉን ይዘጋው ነበር።

መኪናው አንድ ድምፅ ማጉያም ነበረው። የተገጠመው ለሙዚቃ ሳይሆን፥ ሥራው ማለቁን ወይም አንድ ነገር መበላሸቱን ለሠራተኛው ለማሳወቅ ብቻ ነው። ለዚህ የተመደበው ትእዛዝ ሲፈጸም ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ጠቅ ይላል። ትእዛዙ እየተመላለሰ ቶሎ ቶሎ ሲፈጸም ግን ጠቅታዎቹ ተያይዘው ለጆሮ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናሉ። የማሲንቆ ጭራ በጣት ተይዞ ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥን፥ እዚህም ምልልሱ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲረዝም ይወፍራል። ይሁን እንጂ መኪናው ጊዜን የሚለካው በሰከንድ 4,000 ያህል እኩል እርምጃ ነበር። በሁለት እርምጃ መካከል የሚወድቅ ድምፅ ሊያወጣ ስለማይችል፥ ዜማው እዚህም እዚያም ከትክክለኛው ቅኝት ጥቂት ይስታል። ፒያኖ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ የሚያሳክክ መሆን አለበት።

ቱሪንግ ለስትሬቺ ከባድ ሥራ አሳሰበው፤ ይኸውም ሌላውን ፕሮግራም እርምጃ በእርምጃ እየተከታተለ ስሕተቱን የሚያሳይ ፕሮግራም መጻፍ ነው። መምህሩ ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ ከ1,000 በላይ ትእዛዝ ጻፈ፤ ለዚያ መኪና እስከዚያ ድረስ ከተጻፉት ሁሉ ይህ ረዘመ። ከዚያም ወደ ማንቼስተር ሄደ። ቱሪንግ የመኪናውን አያያዝ በጥድፊያ አስረድቶት ሄደ፤ ስትሬቺም ከማያውቀው መኪና ጋር ሌሊቱን ብቻውን ቀረ። አጭር ፕሮግራም እንኳ ያለ ስሕተት በማይሠራበት በዚያ ዘመን፥ አንድ እንግዳ ሰው 20 ገጽ የሚያህል ትእዛዝ ይዞ መምጣቱ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ሲነጋ ግን ፕሮግራሙ ሥራውን እስከ መጨረሻው ፈጸመ። ሁሉንም ባስገረመ ሁኔታ መጨረሻው ላይ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር በድምፅ ማጉያው አሰማ። ስትሬቺ ዜማውን ለማንም ሳይናገር ከሥራው ጭራ ላይ ቀጥሎት ኖሯል! ቱሪንግ ቃል የማያበዛ ሰው ነበርና በአጭሩ አመሰገነው።

በዚያው በ1951 በአውስትራሊያም በሲድኒ ከተማ ሲሲራክ የተባለ ኮምፒዩተር ዜማ አሰምቶ ነበርና፥ ስትሬቺ ከሁሉ ቀደመ ብለን አንከራከርም። የማንቼስተሩ ልዩነት ድምፁ መቅረቱ ነው። በዚያው ዓመት ቢቢሲ ወደ ማንቼስተር መጥቶ መዝሙሩን፥ አንድ የሕፃናት ዘፈንና የግሌን ሚለርን ኢን ዘ ሙድ በሸክላ ቀረጸ፤ መኪናው ዘፈኑን ሳይጨርስ ሲቆምና በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ሲሥቁ ጭምር ይሰማል። ሸክላው በትክክለኛ ፍጥነት ስላልተቀረጸ ድምፁ ተዛብቶ ኖረ። በ2016 ጃክ ኮፕላንድና ጄሰን ሎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዚላንድ አረሙት። ያረሙበትም መንገድ ያስደንቃል፤ መኪናው ሊያወጣቸው የሚችላቸውና የማይችላቸው ድምፆች በሒሳብ የታወቁ ስለሆኑ፥ የቅኝቱ ጉድለት ራሱ ለማረሚያ መለኪያ ሆነላቸው።

የዚያ ሌሊት ወሬ በሎንዶን ተሰማ፤ ስትሬቺም በጁን 1952 ማስተማሩን ትቶ አዳዲስ ፈጠራዎችን በሚረዳ የመንግሥት ድርጅት ተቀጠረ። ዳማውም በዚያው ዓመት ተሳካ። በ1959 የኮምፒዩተርን ጊዜ ስለ መካፈል ዘዴ በፓሪስ ጽሑፍ አቀረበ፤ ቀጥሎም ሲፒኤል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከነደፉት አንዱ ሆነ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ሲ የተባለው ቋንቋ ከዚያ ዘር የመጣ ነው። በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራም ምርምር ክፍል አቋቋመ፤ በ1971ም የዶክተርነት ማዕርግ ሳይኖረው ፕሮፌሰር ሆነ። የጻፈውን ደጋግሞ ማረም ያበዛ ስለ ነበረ በሕይወቱ ያሳተመው ጥቂት ነው። በሜይ 18 ቀን 1975 በጉበት በሽታ ሞተ፤ ዕድሜውም 58 ዓመት ነበር።

ያ የማንቼስተር መኪና ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የስትሬቺ ወረቀቶች ግን በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከጻፋቸውም ፕሮግራሞች አንዱ፥ የፍቅር ደብዳቤ የሚደርሰው፥ የአሮጌውን መኪና ጠባይ በሚከተል አዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና እንዲሠራ ተደርጓል።